ማንም ለማያነበው ውል "እስማማለሁ" አታስብሉን

ለ፦ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን
ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ፤ አፕ ሠርታችሁ ለሕዝብ ለምታቀርቡ ድርጅቶች ሁሉ
ጉዳዩ፦ የአገልግሎት ውሎች ርዝመትና ቋንቋ ልክ እንዲበጅለት ስለመጠየቅ

ክቡራን፣

ጥያቄዬን መጀመሪያ ላይ ላስቀምጠው። ደብዳቤው ረዘም ስለሚል፣ ታች ሳትደርሱ ከተዋችሁት እንዳያመልጣችሁ። በስልክና በኢንተርኔት አገልግሎት የሚሰጥ ማንኛውም ድርጅት ደንበኛውን "እስማማለሁ" ከማስባሉ በፊት የውሉን ዋና ነገር ከአንድ ገጽ ባልበለጠ ጽሑፍ፣ ደንበኛው በሚገባው ቋንቋ እንዲያሳየው የሚያስገድድ መመሪያ አውጡልን። ማንበብ ለማይችል ደግሞ ያንብብለት። እዚያ ገጽ ላይ ያልሰፈረ ከባድ ግዴታ ደንበኛውን አያስገድደው። በቃ፣ ይኸው ነው።

አሁን ወደ ምክንያቱ ልምጣ።

የዚያችን የሳጥን ነገር ታውቋታላችሁ። አዲስ አፕ ስንከፍት ከታች ብቅ ትላለች። "የአገልግሎት ውሉንና የግላዊነት ደንቡን አንብቤ ተስማምቻለሁ" ትላለች። ጠቅ እናደርጋታለን። አላነበብንም። ድርጅቱም እንዳላነበብን ያውቃል፤ ገጹ ላይ ስንት ሴኮንድ እንደቆየን መቁጠር ለእሱ ቀላል ነው። ውሉን ያረቀቀው ጠበቃ እንኳ የራሱን ስልክ ሲከፍት ያንኑ ነው የሚያደርገው። ነገ ክርክር ሲነሣ ግን ሁሉም ተሰብስቦ "አንብበህ ተስማምተሃል" ይለናል። አይንህን ጨፍን ላሞኝህ ማለት ይኼ ነው።

"ታዲያ ለምን አታነቡም?" የሚል አይጠፋም። ማንበብ የሚቻል ነገር ቢሆንማ ጥሩ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 የኖርዌይ የሸማቾች ምክር ቤት ነገሩን በተግባር ሊያሳይ ተነሣ። አንድ ኖርዌያዊ ስልኩ ላይ በአማካይ የሚኖረውን ያህል፣ 33 አፖች መረጠ። የሁሉንም ውልና ደንብ ሰዎች እየተፈራረቁ፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ በኢንተርኔት በቀጥታ እየተላለፈ እንዲያነቡት አደረገ። ንባቡ ወደ 32 ሰዓት ፈጀ። ተደምሮ ከአዲስ ኪዳን እንደሚበልጥም ተናገሩ። አዲስ ኪዳንን የሚያነብ ሰው ለነፍሱ ብሎ ነው፤ ይኼኛው እኮ ስልክ ላይ ለሚጫን አፕ ነው! ያውም እነዚያው ድርጅቶች በየጊዜው ይቀይሩታል። ሲቀየር ንባቡ እንደገና ከአንድ ይጀመራል ማለት ነው።

በዓመቱ ደግሞ በአውስትራሊያ ቾይስ የተባለው የሸማቾች ድርጅት የአማዞን ኪንድልን ውል አንድ ተዋናይ ቁጭ ብሎ እንዲያነበው አደረገ። ውሉ ከ73,000 ቃላት በላይ ነበር። ተዋናዩ ዘጠኝ ሰዓት ያህል አነበበ። መጽሐፍ ማንበቢያ ለመግዛት መጀመሪያ የአንድ ወፍራም መጽሐፍ ያህል ውል ማንበብ ያስፈልግ ነበር።

ሰው የማያነበውን ነገር ለመፈተሽ የተሠሩ ቀልዶችም አሉ፤ ቀልዶቹ ግን ያስደነግጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2017 በእንግሊዝ ነፃ ዋይፋይ የሚያቀርብ አንድ ድርጅት ውሉ ውስጥ "ተጠቃሚው የ1,000 ሰዓት የጉልበት አገልግሎት ይሰጣል" የሚል አንቀጽ ሸጎጠ። የሕዝብ ሽንት ቤት ማጽዳት አለበት። የባዘኑ ድመቶችን ማቀፍ አለበት። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ22,000 በላይ ሰው ተስማማ። አንቀጹን ያየው አንድ ሰው ብቻ ነበር። በአሜሪካ ደግሞ ሁለት ተመራማሪዎች የሌለ ማኅበራዊ ድረ ገጽ ፈጥረው 543 የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎችን እንዲመዘገቡ ጠየቁ። ውሉ ላይ "ክፍያው የበኩር ልጅህ ነው" የሚል ቃል ነበረበት። 98 በመቶው ልብ አላለም። አንድ ሩብ ሰዓት ሊፈጅ ለሚገባው ውል በአማካይ የሰጡት 51 ሴኮንድ ነው። ልብ በሉልኝ፣ እነዚህ የተማሩ ሰዎች ናቸው፤ ውሉም በሚማሩበት ቋንቋ ነው የተጻፈላቸው።

ለምን እንዲህ ረዘመ? አንዱ ምክንያት ስክሪን ወረቀት አለመሆኑ ይመስለኛል። ውል በወረቀት ሲታተም እያንዳንዱ ገጽ ዋጋ ነበረው፤ የሚያስፈርመውም ሠራተኛ ከደንበኛው ፊት ለፊት ይቀመጥ ነበር። ደንበኛው "ይሄ ምንድን ነው?" ካለ መልስ መስጠት ግድ ነው። ስክሪን ላይ ግን አንድ አንቀጽ መጨመር ምንም አያስወጣም፣ የሚጠይቅም የለም። ስለዚህ ድርጅቱ በተከሰሰ ቁጥር፣ ወይም ሌላ ድርጅት ተከሶ ባየ ቁጥር፣ ጠበቆቹ አንድ አንቀጽ ይጨምራሉ። የሚቀነስ የለም። ጽሑፉም የሚጻፈው ለእኔና ለእናንተ አይደለም፤ አንድ ቀን ፊቱ ሊቀርብ ለሚችል ዳኛ ነው። እኛ ከታች አሻራችንን ለማኖር ብቻ ተፈለግን።

ርዝመቱ ብቻውን ቢሆን ስልቹነት ነው ብለን እናልፈው ነበር። ጉዳዩ በርዝመቱ ውስጥ የሚደበቀው ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 ፍሎሪዳ ውስጥ በዲዝኒ የመዝናኛ ስፍራ ባለ ምግብ ቤት የበላች አንዲት ሐኪም፣ ያለባትን የምግብ አለርጂ ለአስተናጋጁ ደጋግማ መናገሯ እየተገለጸ፣ ሕይወቷ አለፈ። ባለቤቷ ከሰሰ። የዲዝኒ ጠበቆች ምን አሉ? "ይህ ሰው እ.ኤ.አ. በ2019 የዲዝኒ ፕላስን የሙከራ አገልግሎት ሲመዘገብ ክርክር ቢነሣ በግልግል እንጂ በፍርድ ቤት ላለመጨረስ ተስማምቷል።" ፊልም ለማየት የተጫነች ሳጥን፣ የሚስቱን ሞት ፍርድ ቤት እንዳይወስድ ልትከለክለው ነበር። ዓለም ጮኸ፤ ኩባንያው እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2024 ጥያቄውን አነሣ። ያነሣው ግን ስለተጮኸበት ነው። ጋዜጣ ያልደረሰላቸው ስንት እንደሆኑ እንጃ።

ይህ የግልግል አንቀጽ የኛንም ሰዎች ቤት ያንኳኳል። በዋሽንግተን ዲሲ፣ በቨርጂኒያ፣ በሲያትል ብዙ ወገኖቻችን ኡበርና ሊፍት እየነዱ ነው ልጆቻቸውን የሚያሳድጉት። የሾፌሮቹ ውል ውስጥ ክርክርን ወደ ግልግል የሚወስድ አንቀጽ አለ። ከዚያ አንቀጽ መውጣት ይቻላል፤ በ30 ቀን ውስጥ በጽሑፍ "አልፈልግም" ማለት ብቻ ነው። መብቱ አለ። የተጻፈው ግን ማንም በማይደርስበት ጥግ ነው። ሌሊት ሙሉ ሲነዳ ያደረ ሰው በመኪናው ውስጥ ቁጭ ብሎ በስልኩ የሕግ እንግሊዝኛ አንብቦ፣ ቀኑ ሳያልፍበት ደብዳቤ ይጽፋል ብሎ የሚያስብ አለ? በካናዳ የአንድ ምግብ አመላላሽ ሾፌር ክስ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። ውሉ ማንኛውም ክርክር በኔዘርላንድስ በግልግል ይታያል ይል ነበር፤ ጉዳዩን ለማስጀመር ብቻ 14,500 የአሜሪካ ዶላር ይጠይቃል። ሰውየው ቶሮንቶ ውስጥ በርገር የሚያደርስ ነው! ፍርድ ቤቱ እ.ኤ.አ. በ2020 "ይህ ፍትሕ የጎደለው ነው" ብሎ አንቀጹን ጣለው። እዚያ ለመድረስ ግን ዓመታት ወስዷል።

ወደ አገራችን ልመለስ፤ ደብዳቤውን ለእናንተ ያደረግሁትም ለዚህ ነው።

እኛ ጋ ነገሩ የፊልምና የጨዋታ ጉዳይ አይደለም። ቴሌብር በ2013 ዓ.ም.፣ ኤም-ፔሳ ደግሞ በ2015 ዓ.ም. ሥራ ከጀመሩ ወዲህ የሰው ደመወዝ፣ የሱቅ ሒሳብ፣ የትምህርት ቤት ክፍያ ስልክ ውስጥ ገብቷል። ቁጠባና ብድርም እንዲሁ። በአዲስ አበባ ነዳጅ እንኳ በዲጂታል ክፍያ ብቻ እንዲቀዳ ተደርጎ ነበር። ይህን ሁሉ የምለው አገልግሎቱን ልወቅስ አይደለም፤ እኔም እጠቀምበታለሁ፣ ወረፋም ቀንሶልኛል። ግን አንድ ሹፌር ነዳጅ ለመቅዳት "እስማማለሁ" ሲል፣ "አልስማማም" ብሎ የት ሊሄድ ነው? ሌላ መንገድ በሌለበት የተሰጠ ፈቃድ፣ ፈቃድ ለመባል ይከብደዋል።

አክስቴ ባለ ቁልፍ ስልክ ነው የምትይዘው። ሰፈሯ ያለ ሱቅ ውስጥ አንድ ወጣት የስልክ ብድር አስመዘገባት። ስልኳን ተቀብሎ፣ ኮድ አስገብቶ፣ የመጣውን ቁጥር ጠይቋት፣ "አለቀ እማማ" ብሎ መለሰላት። ደንቡን ለማየት ከፈለገች ወደ ድረ ገጽ እንድትሄድ የሚል አጭር መልእክት መጥቶላታል። በባለ ቁልፍ ስልክ! ከዚያ ልጇ የላከላት ብር ገባና ወዲያው ተቀነሰ። "ማን ፈቀደላቸው?" ብላ ጠየቀችኝ። መልሱ "አንቺ" ነው። ልላት አፈርኩ። ብድሩን መክፈሏ ትክክል ነው፤ መክፈል አለባት። ጥያቄዋ ግን ስለ ብድሩ አልነበረም። እጇ ላይ ሳይደርስ ብሯን የመንካት ሥልጣን ለሌላ መስጠቷን ሳታውቅ መቅረቷ ነው ያናደዳት።

በዚህ ላይ የስልኩን አድራሻ ዝርዝር የሚጠይቁ የብድር አፖች አሉ። ጎረቤታችን ኬንያ ይህን ቀድማ ቀምሳዋለች። የተበዳሪውን ኮንታክት እየከፈቱ ለዘመድና ለአለቃው ደውለው "ዕዳውን አልከፈለም" የሚሉ አበዳሪዎች ሰውን ቁም ስቅል አሳይተውታል። የኬንያ የዳታ ጥበቃ ቢሮ እ.ኤ.አ. በ2023 አንዱን ድርጅት በሚሊዮን ሽልንግ ቀጥቷል። ለአበዳሪው በር የከፈተችው ያቺ ቀድሞ የተጫነች "ፍቀድ" የምትል ቁልፍ ናት። አድራሻው የተወሰደበት ዘመድ ግን ምንም ነገር ላይ አልተስማማም፤ ማንም አልጠየቀውም።

ሕግ የለንም አልልም። አለን፤ ያውም የቆየ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ስለ አፕ አያውቅም፣ ስለ ውል ግን ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቃል። አንቀጽ 1686 አንድ ነጋዴ በራሱ ያወጣው አጠቃላይ የውል ደንብ ሌላውን ወገን የሚያስገድደው፣ ያ ሰው ደንቡን አውቆ ሲቀበለው ወይም ደንቡ በመንግሥት ባለሥልጣን የወጣ ወይም የጸደቀ ሲሆን ነው ይላል። "አውቆ" የምትለዋን ልብ በሉ። አንቀጽ 1738 ደግሞ አንዱ ወገን ብቻውን ያዘጋጀው ፎርም አጠራጣሪ ሲሆን ለሌላኛው ወገን በሚጠቅም መንገድ ይተርጎም ይላል። አንቀጽ 1728 ደግሞ ከሁሉም በላይ ያስደንቀኛል። ማየት የተሳነው ወይም ማንበብና መጻፍ የማይችል ሰው ያኖረው ፊርማ ወይም የጣት አሻራ በአዋዋይ፣ በመዝጋቢ ወይም በዳኛ ፊት ካልተረጋገጠ አያስገድደውም።

ለዚህ ነው ውልና ማስረጃ ሄደን ቤት ስንሸጥ ወይም ውክልና ስንሰጥ ሠራተኛዋ ቀና ብላ የምታየን። "ውሉን አንብበሃል? ፈቅደህ ነው?" ትላለች። ወረፋው ያሰለቻል፣ እውነት ነው። ግን አንድ ሰው ፊታችን ተቀምጦ ጠይቆናል። ለመኪና ውክልና ይህን ያህል ጥንቃቄ ያደረገች አገር፣ የሰውን ሙሉ ደመወዝና የአድራሻ ዝርዝር ለሚነካ ውል አንዲት ሳጥን በቂ ናት ማለቷ አይገባኝም። የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጁ (ቁጥር 1205/2012) በስልክ የተደረገ ውል ሕጋዊ ነው ብሎ በሩን ከፍቷል። ጥሩ ነው። በሩ ሲከፈት ግን ያ የቆየው ጥንቃቄ ከውጭ ቀረ።

የእናንተ ድርሻ እዚህ ጋ ይመጣል። የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ሲጸድቅ ተቆጣጣሪነቱ ለእናንተ ተሰጠ። አዋጁ የሰው መረጃ ሲሰበሰብ ሕጋዊ፣ ፍትሐዊና ግልጽ በሆነ መንገድ ይሁን ይላል። "ግልጽ" ማለት ምን እንደሆነ በመመሪያ ካልተተረጎመ ግን እያንዳንዱ ድርጅት ለራሱ እንደሚመቸው ይተረጉመዋል። ሃያ ገጽ እንግሊዝኛ ድረ ገጹ ላይ ሰቅሎ "ይኸው ግልጽ አድርጌአለሁ" ይላል።

ድርጅቶቹ የሚያነሡትን መከራከሪያ አውቀዋለሁ። "ካሳጠርነው በሕግ ፊት አይጸናም" ይላሉ። ይጸናል። ደቡብ አፍሪካ በ2008 (እ.ኤ.አ.) ባወጣችው የሸማቾች ጥበቃ ሕግ፣ ለሸማች የሚሰጥ ሰነድ መካከለኛ የማንበብ ችሎታና አነስተኛ ልምድ ያለው ሰው ሳይቸገር እንዲረዳው ሆኖ ይጻፍ ትላለች። ደቡብ አፍሪካ ውስጥ ባንክም ኢንሹራንስም ይሠራል፤ አልተዘጋም። አውሮፓም እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ ስለ ሰው መረጃ የሚሰጥ ማብራሪያ አጭርና ቀላል ይሁን ብላለች። የፈረንሳይ ተቆጣጣሪ እ.ኤ.አ. በጥር 2019 ጎግልን 50 ሚሊዮን ዩሮ ሲቀጣ ከጠቀሳቸው ምክንያቶች አንዱ መረጃው እዚህም እዚያም ተበትኖ፣ አንዳንዱን ለማግኘት አምስት ስድስት ጊዜ ጠቅ ጠቅ ማድረግ ማስፈለጉ ነው። ስለዚህ "አይቻልም" የሚባለው አልጥም ስላለ እንጂ ስለማይቻል አይደለም። ማስታወቂያቸውንማ አይታችሁታል። "ብድር በአንድ ደቂቃ!" ሲሉ ቋንቋቸው እንዴት ግልጽ ነው! ወለዱ ላይ ሲደርሱ ነው አንደበታቸው የሚተሳሰረው።

ሙሉውን የሕግ ጽሑፍ ይጣሉት አላልኩም። ይኑር፤ ለዳኛውም ለጠበቃውም ያስፈልጋል። ግን ከፊቱ አንድ ገጽ ይቅደም። እዚያ ገጽ ላይ ሰው በእርግጥ የሚጠይቃቸው ነገሮች ይስፈሩ። ምን ያህል ትወስዱብኛላችሁ? ብዘገይ ምን ይመጣብኛል? ከስልኬ ምን ታያላችሁ፣ ለማንስ ትሰጡታላችሁ? ብጣላችሁ የት እከሰሳለሁ፣ የትስ እከሳችኋለሁ? መውጣት ብፈልግ እንዴት እወጣለሁ? ገጹ በአማርኛ ብቻ አይቅር። በኦሮምኛ፣ በሶማሊኛ፣ በትግርኛ፣ በአፋርኛ፣ አገልግሎቱ በሚሸጥበት አካባቢ ቋንቋ ሁሉ ይኑር። ማስታወቂያውን በቋንቋው ሠርቶ ውሉን በእንግሊዝኛ መስጠት በእኔ ዓይን ማታለል ነው። ባለ ቁልፍ ስልክ ለያዘ ሰው ደግሞ በነፃ ቁጥር ተደውሎ የሚሰማ የድምፅ ንባብ ይዘጋጅለት። ለጥሪ ማሳመሪያ ዘፈን የተገኘ ቴክኖሎጂ ለዚህ አይታጣም።

ውሉ ሲቀየርም "ደንባችን ተሻሽሏል፣ አገልግሎቱን መጠቀም ከቀጠሉ እንደተስማሙ ይቆጠራል" የሚሉትን አሠራር አስቁሙልን። ምን እንደተቀየረ በሁለት መስመር ይጻፉ። የድሮውም ቅጂ ከእናንተ ዘንድ ተመዝግቦ ይቀመጥ፤ ምክንያቱም ክርክር ሲነሣ ደንበኛው የተስማማበትን ውል ማግኘት አይችልም፣ ድረ ገጹ ላይ ያለው አዲሱ ብቻ ነው። የ"አልስማማም" ቁልፍም የ"እስማማለሁ"ን ያህል ትታይ። አሁን ያለችው ግራጫ ናት፤ ትንሽ ናት፤ አንዳንዴ ጭራሽ የለችም።

አንድ ነገር ግን ልጨምር፤ አጭር ገጽም ብቻውን አይበቃም። ማንም በጤናው የማይስማማባቸው ነገሮች አሉ፤ ቢያነብም ባያነብም፣ ቢፈርምም ባይፈርምም መከልከል አለባቸው። አበዳሪ የተበዳሪን ኮንታክት መክፈት ከነዚህ አንዱ ነው። የአገር ውስጥ ደንበኛን ክርክርህን ባሕር ማዶ ጨርስ ማለት ሌላው ነው። እነዚህን በ"ደንበኛው ፈቅዷል" ሽፋን ማለፍ፣ የመንግሥትን ሥራ በአክስቴ ትከሻ ላይ መጫን ነው።

ሁሉንም በአንድ ቀን አልጠይቅም። ከብሔራዊ ባንክ ጋር ተመካክራችሁ ከገንዘብ፣ በተለይም ከስልክ ብድር ጀምሩ፤ ሰው ፈጥኖ የሚጎዳው እዚያ ነው። ረቂቁን ስታዘጋጁ የሕግ ባለሙያዎች ብቻ አይዩት። መርካቶ ያለ ችርቻሮ ነጋዴ፣ ባጃጅ የሚነዳ ልጅ፣ ጉሊት የምትሸጥ እናት ፊት አንብቡትና "ምን ገባችሁ?" ብላችሁ ጠይቁ። የገባቸው ነገር ከጻፋችሁት ጋር ካልገጠመ እንደገና ይጻፍ። ለውይይቱ ቀን ስትቆርጡም በሬዲዮም አስነግሩልን፤ ማስታወቂያው ድረ ገጽ ላይ ብቻ ከተለጠፈ ጉዳዩ የሚመለከታቸው ብዙዎቹ አያዩትም።

ከአክብሮት ጋር፣
የአገልግሎቶቹ ተጠቃሚ የሆነ አንድ ዜጋ